ሰንበሌጥን በቁጥርና በስም ያስመዘገበ ሰው፦ የጌኦርግ ዊልሄልም ሺምፐር ሕይወት

ሳር ለገበሬ ጣራ ነው፤ የበሬ ቀለብ ነው፤ የመሬትም ልብስ ነው። ይሁን እንጂ ከእህል ያነሰ ነገር ተደርጎ ስለሚታይ የየሳሩን ዓይነት ለይቶ የሚመዘግብ ሰው ብዙ አይገኝም። በሰሜን ወሎ ዞን በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በግራና አካባቢ ያለ ገበሬ ሰንበሌጥን፣ ሰርዶን፣ ጋጃንና አክርማን በዓይኑ አይቶ በእጁም ዳስሶ ይለያል። ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። የኢትዮጵያን ሳሮች ሰብስቦ፣ አድርቆ፣ በወረቀት ላይ አስፍሮ የዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት እንዲመረምሯቸው ካደረጉት ሰዎች መካከል ግን በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ጌኦርግ ዊልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር ከአርባ ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ኖሮ አድዋ ላይ ያረፈ ሰው ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለገበሬ መሪዎች የሚሰጠው ትምህርት አለ። ይኸውም አንድ ተክል በየት፣ መቼና በማን እንደተገኘ ካልተጻፈበት ተራ ድርቆሽ ሆኖ እንደሚቀር፣ የተጻፈበትና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የተቀመጠ ግን ከመቶ ዓመታት በኋላም ምስክር እንደሚሆን ነው።

ትውልዱና የመጀመሪያ ጉዞዎቹ

ሺምፐር በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ አቅራቢያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1804 ዓ.ም. ተወለደ። ከቤተሰቡ ዕፅዋትን የሚመረምሩ ሰዎች ወጥተዋል። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐር የተክል ቅጠሎች በግንዱ ዙሪያ የሚደረደሩበትን ሥርዓት በማጥናት ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ የአጎቱ ልጅ ዊልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ ስለ ሽበት መሰል ትንንሽ አረንጓዴ ዕፅዋት ባደረገው ምርምር ይታወቃል። ጌኦርግ ዊልሄልም ግን የምርምር ወንበር የያዘ ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ካገለገለ በኋላ የተፈጥሮን ትምህርት ተምሮ በእግሩ ተጉዞ መሰብሰብን ሥራው አደረገ።

በዚያን ዘመን በደቡብ ጀርመን በኤስሊንገን ከተማ ሁለት ሰዎች አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። አንደኛው ሐኪሙ ኤርንስት ሽቶይደል፣ ሁለተኛው ቄሱ ክርስቲያን ሆክሽቴተር ነበሩ። ሁለቱም ዕፅዋትን፣ በተለይም ሳሮችን አጥብቀው ያጠኑ ነበር። የማኅበራቸው አሠራር ከዕቁብ ጋር የሚቀራረብ ነው። አባላቱ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በተዋጣው ገንዘብ አንድ ሰብሳቢ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ የሰበሰበው የደረቀ ተክል ሲመጣ በመልክ በመልኩ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አባል ድርሻው ይደርሰዋል። ከአንድ ቦታ የተነቀለ አንድ ዓይነት ሳር በዚህ አኳኋን ወደ ብዙ ከተሞች ይበተን ነበር። ይህ አከፋፈል ለጊዜው የገንዘብ ማግኛ ዘዴ ብቻ ቢመስልም በኋላ ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል።

ሺምፐር በማኅበሩ መልእክተኝነት በ1831 ወደ አልጄሪያ ተጓዘ። ቀጥሎም አንቶን ዊስት ከሚባል ሐኪም ጋር ወደ ግብፅ ወረደ። ዊስት በ1835 ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሲሞት ሺምፐር ብቻውን ቀረ። ሆኖም ወደ አገሩ አልተመለሰም። የሲናን ተራሮችና የዓረብን ምድር ዞሮ ከሰበሰበ በኋላ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ1837 ኢትዮጵያ ገባ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 33 ዓመት ገደማ ነበር።

ሥራው በአድዋና በሰሜን

ሺምፐር ኢትዮጵያ ሲደርስ ትግራይንና ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በእርሳቸው ፈቃድ አድዋ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ። በከተማይቱ አጠገብ ያለውን የሶሎዳን ተራራ፣ ወደ ተከዜ የሚወርዱትን ቆላዎች፣ ኋላም የሰሜንን ተራሮች እየወጣና እየወረደ ሰበሰበ። ከቆላ ሙቀት እስከ ውርጭ ድረስ ያለውን የአየር ጠባይ በጥቂት ቀን መንገድ ውስጥ ማግኘቱ ለሥራው እጅግ የተመቸ ነበር።

ሳርን መሰብሰብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዛላውን ያላወጣ ሳር ሊለይ አይችልም፤ ዛላው የረገፈበትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ገበሬውም በአረምና በጥበቃ በተጠመደበት ወራት በየሜዳው መገኘት አለበት። ሳሩ ከነሥሩ ይነቀላል። ረጅም ከሆነ እየታጠፈ በወረቀት መካከል ይዘረጋል፤ በላዩም ክብደት ይጫንበታል። ወረቀቱ እርጥበት በጠጣ ቁጥር በደረቅ ካልተለወጠ ሳሩ ይሻግታል። በክረምት ጭጋግ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ተክል በዚህ ዓይነት ማድረቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ ድርቆሽ አበላሽቶበት የሚያውቅ ገበሬ ሁሉ ይረዳዋል።

ከደረቀ በኋላ ዋናው ሥራ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ተክል ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተገኘበት ቦታ፣ የተነቀለበት ወርና ዓመት፣ ብዙ ጊዜም የቦታው ከፍታ ይጻፍለታል። ከዚያም በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ምጽዋ ወደብ ይወርዳል፤ በመርከብም ባሕር ይሻገራል። የመጀመሪያው የአድዋ ስብስብ በ1840፣ ቀጣዮቹም ተከታትለው እስከ 1844 ባለው ጊዜ በማኅበሩ አማካይነት ለአባላቱ ታደሉ።

በስብስቡ ውስጥ ሳር ብቻ አልነበረም። በደጋ ገበሬ ዘንድ የታወቀው ሳማ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ፣ መርዛማው ምረንዝም ከሺምፐር ስብስብ ጋር የተያያዘ የሳይንስ ታሪክ አላቸው። ምረንዝ እስከ ዛሬ በሳይንስ ስሙ የሺምፐርን ስም ይዞ ይጠራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ የእርሱን ስም የያዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ብዙ ናቸው።

ሰንበሌጥ ስም ያገኘበት መንገድ

ሳሮች በጠቅላላው ከ11,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት አንድ ታላቅ ቤተሰብ ናቸው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላና በቆሎም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡ በወገን፣ ወገኑ ደግሞ በዝርያ ይከፋፈላል። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ባወጣው መጽሐፍ እያንዳንዱ ተክል በሁለት ቃል እንዲጠራ አደረገ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። ይህም ከሰው ስምና ከአባት ስም ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ልዩነቱ የቤተሰቡ ስም መቅደሙ ነው።

የሺምፐር ሳሮች ኤስሊንገን ሲደርሱ ሆክሽቴተር እየመረመረ ስም ያወጣላቸው ነበር። ሰንበሌጥ የምንለውን የመሰሉትን ረጃጅም ሳሮች በጊዜው አንድሮፖጎን በሚባለው ሰፊ ወገን ውስጥ አስገባቸው። የዚህ ወገን ስም በግሪክ ቋንቋ የወንድ ጢም ማለት ሲሆን፣ ከዛላው ላይ ከሚታየው ጠጉርና ጢም የመጣ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ለሰብሳቢው መታሰቢያ አድርጎ አንድሮፖጎን ሺምፐሪ አለው። ሌላውንም አንድሮፖጎን አንቲስቲሪዮይደስ ብሎ ሰየመው።

ይሁንና ሆክሽቴተር ብዙዎቹን ስሞች በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፎ ከተክሉ ጋር ከማደል አልፎ የየአንዳንዱን መልክ በመጽሐፍ አላሳተመም። ይህን የፈጸመው የፓሪሱ ሊቅ አሺል ሪሻር ነው። ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ያሳተመው መጽሐፍ በዋነኛነት የተመሠረተው ካርተን ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች በሰበሰቡት ላይ ነበር። ሁለቱም ግን ሥራቸውን ለፍሬ ሲበቃ አላዩም። ዲሎን በቆላ ንዳድ ሞተ፤ ፔቲን ደግሞ ወንዝ ሲሻገር አዞ በላው። ሪሻር የእነርሱን ስብስብ ከሺምፐር ስብስብ ጋር እያስተያየ የሳሮቹን መልክ ዘርዝሮ ጻፈ። ስለዚህ በእነዚህ ሳሮች የሳይንስ ስም መጨረሻ ላይ ስም ያወጣው የሆክሽቴተርና ያሳተመው የሪሻር ስም ተያይዘው ይጻፋሉ።

የአንድሮፖጎን ወገን ግን ከመጠን በላይ ሰፋ። እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሳሮች በአንድ ስም ታጎሩ። የስዊድኑ ሊቅ አንደርሶን ሰንበሌጥን የመሰሉት ለብቻቸው መለየት እንዳለባቸው ተገንዝቦ ሂፓሬኒያ የሚል ስም አወጣ። ስሙ በሕግ ተቀባይነት ባለው መንገድ የታተመው ግን በ1886 በፈረንሳዊው ፉርኒዬ ነው። ሂፓሬኒያ በግሪክ ቋንቋ ከታች ያለ ወንዴ ማለት ነው። ከዛላው ሥር ያሉት ጥንድ አበቦች ፍሬ የማይዙ በመሆናቸው የተሰጠ ስም ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በለንደን አጠገብ በሚገኘው በኪው የዕፅዋት ቤት ይሠራ የነበረው ኦቶ ስታፍ የሺምፐርን ሳሮች ወደዚህ ወገን አዛወራቸው። አንድሮፖጎን ሺምፐሪ የነበረው ሳር ሂፓሬኒያ ሺምፐሪ የተባለው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህን ወገን በዓይን መለየት ይቻላል። ዛላው ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ መንታ ይወጣል። እያንዳንዱ መንታ ከሥሩ በጀልባ መሳይ ቅጠል ይታቀፋል። ፍሬዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንደኛው ከአገዳው ጋር የተጣበቀና ፍሬ የሚይዝ፣ ሁለተኛው ትንሽ እግር ያለውና ፍሬ የማይይዝ ነው። ፍሬ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ረጅምና የተጠማዘዘ ጢም አለው። ይህ ጢም እርጥበት ሲያገኝ ይፈታል፤ ሲደርቅ መልሶ ይጠመዘዛል። በዚህ መፈታትና መጠምዘዝ ፍሬው በመሬት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሰንበሌጥ ራሱን የሚዘራው በዚህ ብልሃት ነው።

የሂፓሬኒያ ወገን ከ50 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት አብዛኞቹ የአፍሪካ ሞቃት አገሮች ሳሮች ናቸው። ከመካከላቸው ዓመታት የሚቆዩ አሉ፤ በአንድ ክረምት በቅለው የሚያልፉም አሉ። ማሽላም ሆነ ሸንኮራ አገዳ ከዚህ ወገን ጋር ቅርብ ዘመዶች ናቸው። በግራና ሸለቆ ማሽላ ከሚበቅልበት ማሳ ዳር የቆመ ሰንበሌጥ ለማሽላው የሩቅ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

የዝርያዎቹ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የሚያስገርም ነው። ሂፓሬኒያ ሩፋ የሚባለው ቀላ ያለ ሰንበሌጥ የአፍሪካ ሳር ሆኖ ሳለ መጀመሪያ በሳይንስ ስም የወጣለት በ1829 ከብራዚል በተገኘ ናሙና ነው። ሳሩ ባሕር ተሻግሮ በደቡብ አሜሪካ የከብት ግጦሽ ሆኖ ነበርና ሊቃውንቱ ያገኙት እዚያ ነው። ትክክለኛ መነሻው የታወቀው ከአፍሪካ የተሰበሰቡት ናሙናዎች ከብራዚሉ ጋር ሲስተያዩ ነው። ሺምፐርን የመሰሉ ሰብሳቢዎች ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእንትጮ ገዥና ገበሬ

የኤስሊንገኑ ማኅበር በ1842 ገደማ ሲፈርስ ሺምፐር መተዳደሪያው ተቋረጠ። ወደ አገሩ ከመመለስ ይልቅ ግን በኢትዮጵያ መቆየትን መረጠ። ኢትዮጵያዊት ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤም ከአድዋ በስተምሥራቅ ያለውን የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት። ሺምፐር በዚህ ጊዜ ተክል ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን መሬት የሚያሳርስ፣ የዝናቡን መምጣትና መቅረት እንደ ጎረቤቶቹ የሚጠባበቅ ሰው ሆነ። ስብስቡንም አላቋረጠም፤ ወደ ፓሪስና ወደ ሌሎች የዕፅዋት ቤቶች መላኩን ቀጠለ።

ለገበሬዎች ይበልጥ የሚታወሰው ሌላው ሥራው ድንች ነው። ስለ ድንች ታሪክ የጻፉ አጥኚዎች ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 በሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይመዘግባሉ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው ሳይቀበለው ቢቆይም ዛሬ የደጋው ገበሬ ጎተራው ሲጎድል የሚደርስለት ምግብ ሆኗል። አገሪቱ ሳሯንና ቅጠሏን ለዓለም በሰጠችበት በዚያው ሰው እጅ ከሩቅ የመጣ ሥር መቀበሏ ነው።

ከሹመት ወደ መቅደላ

በ1855 የካቲት ወር ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ። ካሣም በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤን ያመነ ሁሉ አብሮ ወደቀ። ሺምፐርም የእንትጮን ሹመት አጣ፤ መሬቱና ገቢው ቀረ። ዕድሜው 50 ዓመት ካለፈ በኋላ እንደገና በእጁ ድካም ብቻ የሚኖር ሰው ሆነ።

በ1860ዎቹ ውስጥ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች በሚኖሩበት ስፍራ ተቀመጠ። በዚያም ሰበሰበ። ስለ ትግራይ ዕፅዋትና መሬት የሚያውቀውንም በጀርመንኛ ጻፈ፤ ካርታዎችም ሠራ። ያ በእጁ የጻፈው ሥራ ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጦ ይገኛል። ከብዙ ዘመን በኋላም አጥኚዎች አንብበው አሳትመውታል።

በንጉሠ ነገሥቱና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ የጋፋት አውሮፓውያን ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ሺምፐርም ከእነርሱ ጋር ወደ ወሎ ምድር መጣ። ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ በአምባው የነበሩት አውሮፓውያን ነፃ ወጡ። ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። ሺምፐር ግን ወደ አድዋ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት ወር 1878 ሥራውን በጀመረባት በአድዋ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ የደረሰው

ሺምፐር ከላካቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ በበርሊን የዕፅዋት ማከማቻ ቤት ይገኙ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1943 መጋቢት ወር መግቢያ ላይ በሌሊት በወረደ የቦምብ ድብደባ ያ ቤት ተቃጠለ። በመቶ ዓመታት የተከማቸ ተክል በአንድ ሌሊት ዓመድ ሆነ። በአንድ ቤት ብቻ ተቀምጠው የነበሩ የሌሎች ሰብሳቢዎች ናሙናዎች ጨርሰው ጠፉ፤ የተሰየሙባቸው ተክሎች ምን እንደነበሩ ለማረጋገጥ እስከ ዛሬ የሚያስቸግርባቸው ጊዜ አለ።

የሺምፐር ሳሮች ግን አልጠፉም። ያ እንደ ዕቁብ የተቋቋመ ማኅበር አስቀድሞ ለየአባሉ በትኗቸው ስለነበር፣ በበርሊን የተቃጠለው ቁጥር ወንድሙ በፓሪስ፣ በኪውና በሌሎች ከተሞች ተገኘ። እንግሊዛዊው ደሪክ ክሌይተን የሂፓሬኒያን ወገን በሙሉ እንደገና መርምሮ በ1969 ሲያሳትም፣ በልዩ ልዩ ስም ሲጠሩ የቆዩ ሳሮች አንድ መሆናቸውን፣ አንድ ይባሉ የነበሩትም ልዩ መሆናቸውን የለየው በተለያዩ ቤቶች የተቀመጡትን እንዲህ ያሉ ናሙናዎች እያመሳከረ ነው።

በሌላ በኩል ሊሸፈን የማይገባው ጉድለት አለ። ሺምፐርን በየዳገቱ የመሩ፣ ሳሩን በስሙ የነገሩት፣ ጭነቱን እስከ ምጽዋ ያደረሱ የአገሩ ሰዎች ብዙ ሆነው ሳለ በሳሮቹ ስም ውስጥ የእነርሱ ስም የለም። ናሙናውም ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው በውጭ አገር ብቻ ስለነበር፣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የአገሩን ሳር ለመለየት ባሕር መሻገር ነበረበት።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው ቆይቶ ነው። በአዲስ አበባ የብሔራዊ የዕፅዋት ማከማቻ ቤት በ1959 ተመሠረተ። በ1980 የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሙሉ በመጽሐፍ የማጠቃለል ሥራ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሪነት ተጀመረ። የሳሮቹ ክፍል ሰባተኛ ቅጽ ሆኖ በሲልቪያ ፊሊፕስ ተዘጋጅቶ በ1995 ታተመ። በእርሱም ውስጥ ሰንበሌጦቹ በየዝርያቸው፣ በሚገኙበት ክፍለ ሀገር ተለይተው ተጽፈዋል። ሺምፐር የሰጣቸው ቁጥሮች ዛሬም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ መሠረት ናቸው።

ለገበሬ መሪዎች የሚተርፈው ትምህርት

የአንድን ሳር ዝርያ መለየት የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። ሰንበሌጥ ለጋ ሳለ ከብት ይበላዋል፤ ዛላ አውጥቶ ሲጠነክር ግን ምግብነቱ እጅግ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሚጠቅመው ለጣራ ነው። ዓመታት የሚቆየው ዝርያ ከሥሩ ካልተነቀለ በሚቀጥለው ክረምት ያቆጠቁጣል። በአንድ ክረምት የሚያልፈው ግን ፍሬው ሳይረግፍ ሙልጭ ተደርጎ ከታጨደ ለከርሞ ዘር አይተውም። ስለዚህ አንድ ከለላ ቦታ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ ለከብት እንደሚለቀቅ የሚወስን የገበሬ መሪ በቦታው ያለው ሰንበሌጥ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ሁሉም በአንድ ስም ስለተጠራ ብቻ ጠባዩ አንድ አይሆንም።

የቆርቆሮ ጣራ በተስፋፋበት፣ የግጦሽ መሬትም በእርሻ በተያዘበት ዘመን ሰንበሌጥ የሚገኝበት ስፍራ በብዙ አካባቢ ጠብቧል። በቆቦና ግራና ሸለቆ እንደታየው መስኖ ሲዘረጋ አዳዲስ ሰብሎች ይገባሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የቀድሞው ሳርና የቀድሞው ዘር ሳይመዘገብ ከጠፋ በኋላ ቢፈለግ አይገኝም።

ወሎ ይህን በማሽላ ዘር አይታዋለች። በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማቆያ ማዕከል በጀርመን መንግሥት ትብብር ተቋቋመ። በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አቆጣጠር በደረሰው ድርቅ ብዙ የወሎ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር ለመብላት ተገደደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማዕከሉ ጠብቆ ካቆያቸው የአገር ዘሮች፣ ማሽላን ጨምሮ፣ ለወሎና ለሸዋ ገበሬዎች ተመልሶ ተሰጠ። ያ ዘር ሊመለስ የቻለው አስቀድሞ ከነስሙና ከነቦታው ተመዝግቦ በሌላ ስፍራ ስለተቀመጠ ነው።

ስለሆነም በየቀበሌው ሊሠራ የሚችል ቀላል ሥራ አለ። በአካባቢው የሚገኙትን ሳሮችና የማሽላ ዓይነቶች ሽማግሌዎችን ጠይቆ በየስማቸው መዝግቦ መያዝ ነው። ከእያንዳንዱ ዛላ አንድ አንድ በደረቅ ወረቀት መካከል አድርጎ የተገኘበትን ጎጥ፣ ወሩንና ዓመቱን፣ ስሙን የነገረውንም ገበሬ ስም ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ለዘር የሚሆነውን በአንድ ጎተራ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቤት ከፋፍሎ ማኖር ነው። ዝርያውን በትክክል ለማወቅ ሲፈለግም በዚያው በሀብሩ ወረዳ ያለውን የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ሺምፐር ከመቶ ሰማንያ ዓመታት በፊት በሶሎዳ ተራራ ላይ የነበረው መሣሪያ ከዚህ ብዙም አይበልጥም ነበር። የእርሱ መዝገብ የጎደለው የነጋሪዎቹን ስም ነበርና፣ የግራና ገበሬዎች መዝገብ ከእርሱ የተሻለ ሆኖ ሊጀምር ይችላል።